ቴክአዌይ ልከፍት ብል ሰፈሩ ተነሣብኝ፤ ኮንሰርቬሽን ኤሪያ ውስጥ የሞከረ አለ?

ባለሱቁ
ሰላም ወገኖች። እዚህ እንግሊዝ አገር ከካውንስል (ከከተማው አስተዳደር) ጋር የተጋፈጠ ሰው ካለ ምክር ፈልጌ ነው።

ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት በምትርቅ አሮጌ ከተማ ውስጥ ድሮ ጫማ ይጠገንበት የነበረ ሱቅ ተከራየሁ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የቪክቶሪያ ዘመን ቤት ነው፤ ቀይ ጡብ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ። የኔ ሱቅ ጥጉ ላይ ነው፣ ከላዩ ሁለት ፎቅ መኖሪያ አለው። ሰፈሩ ኮንሰርቬሽን ኤሪያ፣ ማለትም አሮጌ መልኩ በሕግ የተጠበቀ ሰፈር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የማፈርሰው ነገር የለኝም፤ ወጥና ሽሮ እየሸጥኩ ልኑር ነው ያልኩት።

ሱቁን ቴክአዌይ (ትኩስ ምግብ ተገዝቶ የሚወሰድበት ቤት) ለማድረግ የፈቃድ ማመልከቻ አስገባሁ። ካውንስሉ መብራት ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ አሰረ። በ21 ቀን ውስጥ 47 ተቃውሞ፣ 2 ድጋፍ። ከሁለቱ ደጋፊዎች አንዷ የሚስቴ የአክስት ልጅ ናት፣ የምትኖረውም ሌላ ከተማ ነው። ተቃውሞዎቹን ድረ ገጹ ላይ አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ሽታ፣ ሞተር ሳይክል፣ ቆሻሻ፣ አይጥ፣ «የሰፈሩ መልክ»። ከሁሉም ያንገበገበኝ፣ ቁልፍ የተረከብኩ ቀን ኬክ ጋግረው ያመጡልኝ አሮጊት ጎረቤቴ ሦስት ገጽ መጻፋቸው ነው።

አሁን ማመልከቻዬን የያዘችው የካውንስሉ ኦፊሰር ኢሜል ልካለች። ከኋላ ግድግዳ ላይ የሚወጣው የኩሽና አየር ማውጫ ቱቦ እንዲህ እንዳለ ተቀባይነት የለውም፣ ማመልከቻህን ብታነሣው ይሻላል ነው ፍሬ ነገሩ። የ10 ዓመት ውል ፈርሜያለሁ፣ ኪራዩ መቁጠር ጀምሯል። ላንሣው? ልጠብቅ? ጠበቃ ልያዝ?

አልስማማም
ወንድሜ፣ ይሄ ምን ይጠየቃል? እዚያው መንገድ ላይ ዓሣና ድንች የሚጠብስ ቤት አለ አይደል? እሱ ሲጠብስ ባህል ነው፣ አንተ ሽንኩርት ስታቁላላ ሽታ ይሆናል። «የሰፈሩ መልክ» የሚሉት የግንቡን መልክ ነው ወይስ ያንተን? እኔ ብሆን አላነሣም። ይከልክሉኝና ይግባኝ እላለሁ፤ ጋዜጠኛም እጠራለሁ።

ባለሱቁ
ዓሣ ቤቱ አለ። ከኔ ሱቅ አምስተኛው በር ላይ። ሰውየው ራሱ ተቃውሞ ጽፎብኛል!

ሦስተኛ ፎቅ
እኔ አበሻ ነኝ፤ ለሰፈሬ ለሚከፈት የአበሻ ቴክአዌይም ተቃውሞ ጽፌ አውቃለሁ። ስድቡን ከወዲሁ ተቀብያለሁ፤ ምክንያቴን ግን ስሙኝ።

ስድስት ዓመት ዶሮ መጥበሻ ቤት ላይ ኖሬያለሁ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሲል ማራገቢያው ይነሣል። እንደተነሣ የምታውቀው በድምፁ አይደለም፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች እርስ በርስ መንካካት ይጀምራሉ፣ ቂል ቂል ቂል፣ እስከ እኩለ ሌሊት። ቱቦው የሚተነፍሰው መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ነበር። ነሐሴ ላይ እንኳ መስኮት አልከፍትም። የልጄን የትምህርት ቤት ሹራብ አጥቤ አስጥቼ ሳወርደው ዘይት ዘይት ይላል። አንድ ቀን አስተማሪዋ በደግነት «ቁርስሽ ዶሮ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ከዚያ ወዲህ ሹራብ መልበስ ጠላች፣ በብርድ።

ለካውንስል ደወልኩ። የአካባቢ ጤና ሠራተኛው መጣ፤ ማክሰኞ፣ ጠዋት አምስት ሰዓት፣ መጥበሻው ባልተለኮሰበት። አሽትቶ «ምንም የለም» ብሎ ጽፎ ሄደ። ስለዚህ ባለሱቁ፣ ሰዎቹ ቆዳህን ላይሆን ይችላል የፈሩት። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ማን ይሰማናል ብለው ነው።

አልስማማም
እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው፤ ባለቤቱ ስግብግብ ሆኖ ነው። ይሄ ልጅ ገና ምጣድ አልጣደም!

ወረቀት አንባቢ
ማመልከቻ መጻፍና መከራከር እንጀራዬ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ብል ይቅርታ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ባለሱቁ፣ መጀመሪያ 47ን እርሳው። ፕላኒንግ (የግንባታና የአጠቃቀም ፈቃድ) ምርጫ አይደለም፤ አንድ ሰው የጻፈው የሚረባ ነጥብ ካለው 100 ፊርማን ይበልጣል። «የቤቴ ዋጋ ይወድቃል» አይቆጠርም። «ዓሣ ቤቱ ገበያ ይቀንስበታል» አይቆጠርም፤ ስለዚህ የዓሣ ቤቱ ሰውዬ በዚያ በኩል ጊዜውን አባክኗል። ሽታ፣ ድምፅ፣ የማታ ግርግር፣ መኪና ማቆሚያና የሰፈሩ መልክ ግን ይቆጠራሉ።

ሁለተኛ፣ ቴክአዌይ ለምን እንዲህ እንደሚፈተሽ ልንገርህ። እስከ 2005 ድረስ ምግብ ቤትና ቴክአዌይ በሕጉ አንድ ክፍል ነበሩ። በዚያ ዓመት ቴክአዌይ ለብቻው ተለየ። ሴፕቴምበር 2020 ላይ ሱቅ፣ ካፌ፣ ምግብ ቤት፣ ቢሮና ጂም ሁሉ አንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ሲጠቃለሉ፣ ትኩስ ምግብ ለውጭ የሚሸጥ ቤት ግን ከክፍል ሁሉ ውጭ ብቻውን ቀረ። ጫማ ጠጋኙ ነገ ካፌ ቢሆን ለአጠቃቀም ለውጡ ማንንም አያስፈቅድም፤ ቴክአዌይ ሊሆን ሲል ግን ሙሉ ማመልከቻ ነው።

አሁን አሮጊቷ ለምን ሦስት ገጽ እንደጻፉ የሚያስረዳህን ልንገርህ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለቤቱ ነው እንጂ ላንተ አይደለም። አንተ ደግ ሰው ልትሆን ትችላለህ፤ ወጥህም ሊጣፍጥ ይችላል። ነገ ብትሸጠው ግን የሦስተኛ ፎቅ ዶሮ ጠባሽ ያንኑ ፈቃድ ይዞ ይገባበታል። ኬኩን ላንተ አመጡ፤ ተቃውሞውን የጻፉት ካንተ በኋላ ለሚመጣው ነው።

ኮንሰርቬሽን ኤሪያውን በተመለከተ፣ ነገሩ የተጀመረው በ1967 ሕግ ነው፤ የመጀመሪያዋ በዚያው ዓመት የተሰየመችው ስታምፎርድ ናት። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ብቻ 10,000 ገደማ አሉ። አሁን የሚሠራበት የ1990 ሕግ፣ አንቀጽ 72፣ ካውንስሉ በእንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ሲወስን መልኩን ለመጠበቅ ወይም ለማሻሻል የተለየ ትኩረት እንዲሰጥ ያስገድደዋል። «መጠበቅ» ማለት ምንም አይንካ ማለት አይደለም። በ1992 የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የበላዩ ፍርድ ቤት) ሳውዝ ሌክላንድ በሚባለው ክርክር እንደወሰነው፣ ጉዳት ካላደረስክ ጠብቀሃል። ያንተ መከራከሪያ ይሄ ነው፤ ሱቅ ሱቅ ሆኖ ይቀጥላል፣ ባዶ መስኮት ብርሃን ያገኛል።

በኋላ ግድግዳ ላይ የተጋደመ የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ቱቦ ግን ጉዳት ነው። ኦፊሰሯ ስለ ሽሮ ምንም አላለችህም፤ ስለ ቱቦው ነው የጻፈችልህ። እንዲያውም ውለታ ውላልሃለች።

የ10 ዓመት ውል ሳይፈቀድልህ መፈረምህን አልናገርም። ተናገርኩ እንዴ?

ባለሱቁ
ምን ላርግ፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው ብለውኝ ነበር።

ካፌ አያስፈቅድም ካልክ ታዲያ ካፌ ብዬ አራት ወንበር አስቀምጬ ብከፍትስ? ሰው እግረ መንገዱን ይዞ ቢሄድ ማን ይቆጥራል?

ወረቀት አንባቢ
ጎረቤት ይቆጥራል! መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰዓትና ቀን እየጻፈ፣ ፎቶ እያነሣ። የሚመዘነው ዋናው ሥራህ ነው። አብዛኛው ሰው ተቀምጦ በልቶ ጥቂቱ ይዞ ከሄደ ካፌ ነህ። አራት ወንበር አቧራ ጠግቦ ሞተር ከተሰለፈ ቴክአዌይ ነህ። ድሮ ዓመታት ካለፉ ያመልጣሉ የሚል ወሬ ነበር፤ ላልተፈቀደ የአጠቃቀም ለውጥ ካውንስሉ ሊከስህ የሚችልበት ጊዜ 10 ዓመት ነው። ላልተፈቀደ ግንባታ 4 የነበረውም ከኤፕሪል 2024 ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ 10 ሆኗል።

ደግሞም ካፌ ብትሆንም ቱቦው ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ዞረህ ዞረህ እዚያው ቱቦ ሥር ነህ።

የጣሪያ ሰው
ቱቦ ሲባል ስሜ የተጠራ መሰለኝ። የኩሽና አየር ማውጫ ተከላ ነው ሥራዬ። ሥዕልህን ለጥፈው፣ ወንድሜ።

ባለሱቁ
ለጥፌዋለሁ። የጓደኛዬ ልጅ ነው የሣለው።

የጣሪያ ሰው
ልጁ ጎበዝ ነው፤ ኩሽና ግን አያውቅም። ከአንደኛ ፎቅ መስኮት ዝቅ ብሎ ጓሮ ውስጥ ነው የምታወጣው። እስኪ ነጥብህን ልቁጠርልህ፤ በዘርፉ የምንሠራበት ስሌት አለ፣ 2005 ላይ የመንግሥት መመሪያ ሆኖ የወጣ፣ የካውንስል የአካባቢ ጤና ሰዎችም የሚያውቁት።

አራት ነገር ይደመራል። አየሩ የት ይወጣል? ዝቅ ብሎ ግቢ ውስጥ፤ 20። ጎረቤት በ20 ሜትር ውስጥ አለ? ከላይህ ነው ያለው፤ 10። ኩሽናው ትንሽ ነው፤ 1። ምን ይበስላል? የአበሻ ምግብ በሠንጠረዡ የለም፣ ግን ቁሌትና ጥብስ ብለህ ስትጽፍ ከከፍተኛው ነጥብ ረድፍ ነው የሚመድቡህ፤ 10። ድምር 41። ከ35 በላይ «በጣም ከፍተኛ» ነው።

አሁን ቱቦውን ከጣሪያው ጫፍ 1 ሜትር ከፍ አርገህ አየሩን በሰከንድ 15 ሜትር ብትወረውረው፣ 20ው ወደ 5 ይወርዳል። ድምር 26፤ «ከፍተኛ»። ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም፤ ሽታውን በሚያጣራው ካርቦን ውስጥ አየሩ መቆየት ያለበት ጊዜ ከ0.4–0.8 ሰከንድ ወደ 0.2–0.4 ይወርዳል። ማጣሪያው በግማሽ ያንሳል፣ ወጪውም እንደዚያው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጣሪያ ላይ 1 ሜትር የቆመ ቱቦ ከመንገድ ይታያል። አፍንጫ «ከፍ አርገው» ይልሃል፣ ዓይን «ዝቅ አርገው» ይልሃል። አንደኛው የአካባቢ ጤና ቢሮ ነው፣ ሁለተኛው የቅርስ ኦፊሰሯ። በዚህ አገር አሮጌ ሰፈር የሠራሁት ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ መሃል ነው።

ሦስተኛ ፎቅ
የኔ ስኒዎችስ የትኛው ረድፍ ላይ ናቸው?

የጣሪያ ሰው
እህቴ፣ እሱ ሌላ ስሌት ነው። ስኒ የሚያንቀጠቅጠው ማራገቢያው በቀጥታ ከግድግዳው ጋር ሲታሰር ነው፤ ግድግዳው ከበሮ ይሆናል። በስፕሪንግ ወይም በጎማ ማንጠልጠያ ላይ ይሰቀላል፣ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሸራ መሳይ ማያያዣ ይገባል፣ ከፊትና ከኋላ ድምፅ ማፈኛ ይደረጋል። ብዙው ወጪው የጉልበት ነው። ባለቤቶች እዚያ ላይ ነው የሚቆጥቡት፤ አንቺ ከፈልሽላቸው።

የድሮ ሰው
ልጆች፣ አልስማማም ያልከው ልጅ በተለይ ስማኝ። እኔ ለንደን ስገባ ሃምፕስቴድ ሰፈር ማክዶናልድስን አናስገባም ብሎ ይሟገት ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ተሟገቱ፤ ሀብታሙም፣ ደራሲውም፣ ተዋናዩም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። 2013 ላይ ደግሞ በራሱ ጊዜ ዘግቶ ሄደ። ያ ሁሉ ጠበቃ ያለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ጥቁር ስለሆንን ብቻ አይደለም የሚቃወሙን፤ ጠረን ያለው ነገር ሁሉ ከደጃቸው እንዲርቅ ይፈልጋሉ።

አልስማማም
ጋሼ፣ እርስዎን አልጋፋም። ግን እነሱ አሥር ዓመት የሚሟገቱበት ገንዘብ ነበራቸው፣ ይሄ ልጅ የሦስት ወር ኪራይ የለውም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው ቢባልም ቱቦ የመደበቂያው ዋጋ ለሁሉም አንድ አይደለም። እሱን ነው የምለው።

የድሮ ሰው
ይሄኛውን ተቀብያለሁ።

የማታ ሽፍት
እኔ ሞተር ላይ ነኝ፣ ምግብ አደርሳለሁ። ሁሌም ክሱ እኛ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልናገር። ምግቡ ሳይደርስ ይጠሩናል፤ «ሁለት ደቂቃ» ይሉናል፣ ሃያ ይሆናል። በረዶ ላይ ቆመን ሞተር አናጠፋም፣ እጃችን የሚሞቀው በእሱ ነው። ከዚያ ከላይ መስኮት ተከፍቶ ይጮህብናል። ባለሱቁ፣ ለኛ ውስጥ መቆሚያ አንድ ሜትር ቦታና አንድ አግዳሚ ካለህ ግማሹ ጫጫታ ይጠፋል። ምግቡ ሲያልቅ ብቻ ጥራን። በብስክሌት ለሚያደርሱ ቅድሚያ መስጠትም ይቻላል። አንድ ቤት ይሄን በማመልከቻው ውስጥ ጽፎ አይቻለሁ፤ አሁን እዚያ ስቆም ማንም አይጮህብኝም።

ሦስተኛ ፎቅ
አንተን ሳላይህ ስንቴ ረግሜህ ይሆን። ይቅር በለኝ።

የማታ ሽፍት
ለምደነዋል እህቴ 😄

ወረቀት አንባቢ
ባለሱቁ፣ የሥራ ሰዓትህን ስንት ብለህ ነው የሞላኸው? ተቃውሞዎቹ ውስጥ «እኩለ ሌሊት» የሚል ቃል በዛብኝ።

ባለሱቁ
እስከ ማታ 5 ሰዓት።

ወረቀት አንባቢ
በኛ ነው በነሱ?

ባለሱቁ
በኛ። ቅጹ ላይ 23፡00 ብዬ ነው የሞላሁት።

ወረቀት አንባቢ
እንግዲህ ልጆች በሚተኙበት መንገድ ላይ እስከ ሌሊት 11 ፒኤም ነው የጠየቅከው። ለምን? ማታ 5 ሰዓት ላይ ሽሮ የሚገዛ ማን ነው?

ባለሱቁ
እውነቱን ልናገር? ዓሣ ቤቱ እስከዚያ ስለሚሠራ ነው። እንዳላንስ ብዬ።

ወረቀት አንባቢ
አቦ። እሱ የቆየ ፈቃድ አለው፤ ሰዓት ያልተገደበበት ዘመን ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ዛሬ ነህ የምትጠይቀው። ወደ 21፡30 አውርደው። በነሱ ሰዓት ከ23፡00 እስከ 05፡00 ትኩስ ምግብ ለመሸጥ በ2003ቱ የላይሰንሲንግ ሕግ ሌላ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ አንተ ያንን ደጃፍ ባትረግጠው ይሻልሃል።

ሌላ፣ በአቅራቢያህ ትምህርት ቤት አለ? የ2021 የለንደን ፕላን ከትምህርት ቤት በ400 ሜትር የእግር ርቀት ውስጥ አዲስ ቴክአዌይ እንዳይፈቀድ ይላል። አንተ ከለንደን ውጭ ብትሆንም ከዲሴምበር 2024 ወዲህ ብሔራዊው የፕላኒንግ ፖሊሲም ከከተማ ማዕከል ውጭ፣ ከትምህርት ቤት በእግር በሚደረስ ርቀት ያለውን እንዲከለክሉ ያዛል። የከተማህን ሎካል ፕላን (የካውንስሉን የፕላኒንግ ደንብ) አንብብ፤ ርቀቱን በቁጥር ያስቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ባለሱቁ
ለካሁት፣ በስልኬ እየተራመድኩ። ከሱቁ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር 870 ሜትር። የኛ ሎካል ፕላን 400 ይላል። ተመስገን።

የጣሪያ ሰው
አንድ ሐሳብ። ቁሌቱን ለምን እዚያ ታቁላላለህ? ሽታውን የሚያመጣው ሽንኩርቱ ሁለት ሰዓት ሲቁላላ ነው። የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ኩሽና በሰዓት ተከራይተህ ቁሌቱን በሳምንት ሁለቴ እዚያ አብስለህ አምጣው፤ ሱቅ ውስጥ የምትጨርሰው ብቻ ይሁን። ያ 10 ነጥብ ይወርዳል። እሱንም በማመልከቻህ ጻፈው።

አልስማማም
እሺ አሁን ቁሌትም በፖስታ ይምጣ ነው የምትሉት። 😂 ግን እውነት ለመናገር የኔ ሚስትም ቁሌቱን እህቷ ቤት ነው የምትሠራው። የኛ አፓርትመንት የጭስ ማንቂያ ይጮሃል።

የጣሪያ ሰው
ዘይቱንም አትርሱ። መታጠቢያው ሥር የዘይት መያዣ ይገባል። 2017 ላይ ለንደን ዋይትቻፕል መንገድ ሥር ፍሳሽ ማስወገጃው ውስጥ የተገኘው የስብ ድንጋይ 250 ሜትር ርዝመት፣ 130 ቶን ነበር። አይጥ አይጥ የሚሉህ ከዚያ ተነሥተው ነው።

ባለሱቁ
ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። ኬኩን ያመጡልኝን እማማ ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ፈርቼ ነበር፤ ሻይ አፈሉልኝ። ሦስቱን ገጽ አብረን አነበብን።

ስለ ሽታ የጻፉት አራት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ሱቁ ፊት ነው። የጫማ ጠጋኙ መስኮት ጠመዝማዛ እንጨት እንዳለው አላስተዋልኩም ነበር፤ በሁለቱ ዳር፣ ከታች የተቀረጸ። ከመግቢያው ሥር አረንጓዴ ሸክላ ንጣፍ አለ፣ ቀለም ተቀብቶበት ነው የማይታየው። እናታቸው እዚያ ቆማ ጫማ ስታሠራ እሳቸው ልጅ ሆነው ጣታቸውን በሸክላው ስፌት ላይ ይነዱ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ በማመልከቻዬ ላይ ያስገባሁት ሥዕል ያንን ሁሉ አንሥቶ ቀይ ፕላስቲክ ታፔላ ከነመብራቱ፣ ሲወርድ መንገዱን የሚዘጋ የብረት መዝጊያ አለው። ያውም ከኢንተርኔት የወሰድኩት ሥዕል ነው! እንደዚያ እንዲሆን እንኳ አልፈልግም ነበር፤ ቅጹ ሥዕል ስለጠየቀኝ ነው።

ወረቀት አንባቢ
ይሄን ስታነብ አልሳቅክም? እኔ ስቄያለሁ። መብራት ያለው ታፔላ በኮንሰርቬሽን ኤሪያ ራሱን የቻለ ማመልከቻ ነው፤ የብረት መዝጊያ ደግሞ ኦፊሰሮች ሲያዩት የሚያማቸው ነገር ነው። በነፃ የምትሰጣቸው ነገር አገኘህ ማለት ነው። እንጨቱን አቆየው፣ ሸክላውን አጽዳው፣ ታፔላውን በእጅ የተጻፈ አድርገው፣ መዝጊያ ከፈለግህ ከመስታወቱ ውስጥ በኩል የሚወርድ በቀዳዳ የተሠራ ይሁን።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንሣው። ድሮ አንሥተህ በዓመት ውስጥ ስትመልሰው በነፃ ነበር፤ ከዲሴምበር 2023 ወዲህ ያ ቀርቷል፣ ክፍያውን እንደገና ትከፍላለህ። ክፍያውም ያኔ ከ462 ወደ 578 ፓውንድ ወጥቶ አሁን በየኤፕሪሉ ይጨምራል። ቢሆንም የእምቢታ ወረቀት በመዝገብህ ላይ ከሚቀመጥ ይሻላል። ከተከለከልክ ይግባኝ ለማለት ስድስት ወር አለህ፤ ግን ይግባኝ ሰሚው የሚያየው ያንኑ መጥፎ ሥዕል ነው፣ ውጤቱም ወራት ይወስዳል። ኪራይህ አይጠብቅም።

ጠበቃ አትያዝ። ገንዘቡን እንደ የጣሪያ ሰው ላለ ባለሙያ ስጠው፤ የሽታና የድምፅ ሪፖርት ይሥራልህ። ድምፁን በቢኤስ 4142 (የድምፅ መለኪያ ስታንዳርድ ነው) ይለካ፤ ማራገቢያው በሌለበት መንገዱ ዝም ሲል ስንት እንደሆነ መጀመሪያ ይወቅ።

የጣሪያ ሰው
ቱቦው ስለሚያልፍበት፣ የድሮው ጭስ ማውጫ ውስጥ እናስገባው ትላለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ብዙ ሰው ይላል። የእሳት ምድጃ ማውጫ ብዙውን ጊዜ ጎኑ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የብረት ቱቦ ሲገባበት ይጠባል፣ መሃል ላይ ደግሞ ይታጠፋል፤ በታጠፈበት ስብ ይጠራቀማል፣ ስብ ደግሞ ይቀጣጠላል። ከላይ ፎቆቹ ላይ ቁም ሳጥን ወይም የደረጃ ሥር ባዶ ቦታ ካለ በዚያ በኩል እሳት በማያሳልፍ ሳጥን ታስሮ ይውጣ፤ በኋለኛው ጣሪያ፣ ከጭስ ማውጫው ግንብ ጀርባ። ግንቡ ራሱ ይደብቀዋል። የፎቆቹ ባለቤት ማን ነው?

ባለሱቁ
አከራዬ ራሱ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የማይከፈት ቁም ሳጥን አለ፤ ቁልፉ ጠፍቷል ይላል።

የጣሪያ ሰው
ቁልፉን አስፈልገው።

(ከአምስት ወር በኋላ)

ባለሱቁ
ወገኖች፣ ጠፍቼ ቆየሁ። ቁም ሳጥኑ ተከፈተ፤ ውስጡ የሞተ እርግብና የ1970ዎቹ ጋዜጣ ነበር። ቱቦው በዚያ ወጥቷል፤ ማለቴ በወረቀት ላይ። አከራዬ በመጀመሪያ እምቢ አለ፤ ባዶ ሱቅ ይዞ እንደሚቀር ሲገባው ወጪውን ሲሦ ተካፈለ። አዲሱን ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት በመንገዱ ላይ ያለውን በር ሁሉ አንኳኳሁ፣ ሥዕሉን ይዤ። ሁለት ሰው በሩን ዘጋብኝ። አንዱ «ለምን መጀመሪያ አልመጣህም?» አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

በሁለተኛው ዙር 11 ተቃውሞ፣ 9 ድጋፍ። የዓሣ ቤቱ ሰውዬ እንደገና ተቃወመ። እማማ አልደገፉኝም፤ ግን ስለ ሸክላው አንድ አንቀጽ ጽፈው «ይህ ከተፈጸመ ተቃውሞ የለኝም» አሉ። ወደ ኮሚቴ ሳይሄድ በኦፊሰር ደረጃ ተፈቀደ፣ በዘጠኝ ቅድመ ሁኔታ። ሰዓት እስከ 21፡30። ማጣሪያው በየጊዜው መለወጡን የሚያሳይ መዝገብ መያዝ አለብኝ። ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነገር የለም፤ ሳምቡሳ ቀረብኝ ማለት ነው። ያ ትንሽ አሞኛል።

አልስማማም
እንኳን ደስ ያለህ። ግን ዓሣ ቤቱ ይጠብሳል፣ አንተ ሳምቡሳ አትጠብስም። ይሄን ብቻ መዝግቡልኝ።

ወረቀት አንባቢ
ተመዝግቧል። ባለሱቁ፣ ቅድመ ሁኔታዎቹን በደንብ አንብብ፤ «ከመከፈቱ በፊት» የሚሉትን አስቀድመህ አስገብተህ ካላጸደቅህ ፈቃዱን አግኝተህም ሕገ ወጥ ነህ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

የጣሪያ ሰው
ማንጠልጠያው ስፕሪንግ ነው ጎማ?

ባለሱቁ
ስፕሪንግ።

ሦስተኛ ፎቅ
እንኳን ደስ አለህ። ከላይ ፎቁ ላይ ማን ነው የሚኖረው?

ባለሱቁ
አንዲት ነርስ ከልጇ ጋር። የሌሊት ሽፍት ነው የምትሠራው፣ ቀን ትተኛለች። እሱን ማንም አልጠየቀኝም ነበር፤ እኔም ያወቅኩት ሳንኳኳ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ማራገቢያውን በዝቅተኛው ፍጥነት አስነሥተን እላይ ቤቷ ገብተን አዳመጥን፣ እሷ፣ እኔና ቴክኒሻኑ። ሦስታችንም ዝም ብለን።

ሦስተኛ ፎቅ
መደርደሪያው ላይ ስኒ ነበር?

ባለሱቁ
አራት። አስጠግቼ ነው ያስቀመጥኳቸው። አልተንካኩም።